በመንፈሳዊ ጉዞ ላይ ወደኋላ የሚጎትቱን ስህተቶች

የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሲጸልይ፣ ሲሰግድ፣ ሲያስቀድስ የከረመ ሰው ከትንሣኤ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠፋል። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ክርስትና ከጥምቀት እስከ ዕለተ ሞት የሚኬድበት መንገድ ነው ብለን እናምናለን፤ አኗኗራችን ግን የወቅት ያስመስለዋል።

የመጀመሪያው ስህተት በዓለ ሃምሳን፣ ማለትም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን ጊዜ፣ የመንፈሳዊ ሕይወት እረፍት ማድረግ ነው። በእነዚህ 50 ቀናት ጾምና ስግደት የለም። ጸሎቱና ቅዳሴው ግን አለ። ጌታ ከሙታን ተነሥቶ እስኪያርግ ድረስ 40 ቀን ለሐዋርያት እየተገለጠ ያስተማራቸው በዚሁ ወቅት ነው። እነሱ በተማሩበት ጊዜ እኛ ትምህርቱን እናቋርጣለን። በጾሙ የተጀመረች የጠዋት ጸሎት፣ አጭርም ብትሆን፣ ከፋሲካ በኋላ መቀጠል አለባት።

ሁለተኛው የንስሐ አባትን ለጠበል መርጫ ብቻ መፈለግ ነው። አባ ይመጣሉ፣ ቤቱን ጠበል ይረጫሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ይሸኛሉ። ከቤተሰቡ ግን ቁጭ ብሎ ኃጢአቱን የነገራቸው የለም። የንስሐ አባት የነፍስ ሐኪም ናቸው። ሕመሙ ያልተነገረው ሐኪም ምን ያዝዛል? ውጭ አገር የምትኖሩም የንስሐ አባታችሁ አዲስ አበባ ሆነው በዓመት በዓል ብቻ "እንኳን አደረስዎ" የምትሏቸው ከሆነ፣ እሳቸውን አስፈቅዳችሁ በአቅራቢያችሁ ካሉ ካህን ጋር ብትሆኑ ይሻላል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ቁርባንን ለእርጅና ማቆየት ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው ይቆርባሉ። በልጅነታቸው እናታቸው አዝላም እጃቸውን ይዛም ታቆርባቸዋለች። በፍልሰታም ሕፃናቱ ተሰልፈው ሲቆርቡ እናያለን። ጉርምስና ሲመጣ ይቆማል። ከዚያ "ሳረጅ እቆርባለሁ" ይባላል። ቁርባን የሕፃናትና የሽማግሌዎች ነው የሚል ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን የላትም። ፈተናው የሚበረታው በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ነው። ኃይል የሚያስፈልገንም ያኔ ነው። "አልበቃሁም" ለሚለው፣ በዕድሜ ብዛት የሚበቃ ማንም የለም። መንገዱ ንስሐ መግባት፣ ካህኑ ለንስሐ የሰጡትን ቀኖና (ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት) መፈጸም፣ ከዚያም 18 ሰዓት ጾሞ መቅረብ ነው። በማዘጋጃ ቤት ተጋብተው ዓመታት የኖሩ ባልና ሚስትም ንስሐ ገብተው በቁርባን ጋብቻቸውን ማጽናት ይችላሉ። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ቀርቷል!

ጾምን ሥጋና ወተት በመተው ብቻ መለካትም ስህተት ነው። ዛሬ የጾም ኬኩም የጾም በርገሩም ሞልቷል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ የተነገረው ጾም ግን ለተራበው እንጀራን መቁረስ፣ የታረዘውን ማልበስ ነው። ከምሳ የተረፈው ገንዘብ ለማን ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በአንዴ ብዙ መጀመርም አያዛልቅም። ሞቅ ሲለን 150ውን መዝሙረ ዳዊት በየቀኑ እደግማለሁ እንላለን፤ በሳምንቱ እንተወዋለን። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው። የዕለቱን ብቻ ይዞ መቆየት ይቻላል።

የመጨረሻው ወድቆ እዚያው መቅረት ነው። ሰኔ 24 የሚታሰበው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ ነበር። ከመነኮሰም በኋላ የድሮ ሐሳቡ አልለቀቀውም። ሲብስበት ወደ መንፈሳዊ አባቱ ወደ አባ ኤስድሮስ ይሄድና ይነግራቸዋል። እሳቸውም አጽናንተው ወደ በዓቱ፣ ብቻውን ወደሚጸልይበት ማደሪያው፣ ይመልሱታል። በኋላ የብዙ መነኮሳት አባት ሆነ። እኛ ስንወድቅ "በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ" ብለን ከንስሐ አባታችን እንሸሻለን፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ይሆናል። በወደቅንበት ቀን ማታ ስልክ አንሥቶ "አባቴ፣ ነገ ላገኝዎት?" ማለት ይቻላል።