ርካሹን የድራፍት ፍሪጅ ማሻሻል፦ ከሩቢኔቱ በፊት ቅዝቃዜው

ሙያዬ የፍሪጅ ጥገና ነው። ቤቴም አንድ ርካሽ የድራፍት ፍሪጅ አለ፤ የቢራው በርሜል በፍሪጁ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከላዩ ሩቢኔት ያለበት ታወር ቆሟል። እንዲህ ዓይነት ፍሪጅ ያላቸው ሰዎች ሲደውሉልኝ ቅሬታቸው አንድ ነው፤ «ግማሹ አረፋ ነው» ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፤ «የትኛውን ሩቢኔት ልግዛ?» እኔ ደግሞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ቴርሞሜትር አለህ?» እላለሁ።

ርካሽ ፍሪጅ ሲባል ኮምፕሬሰሩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ ደህና ነው። አምራቹ የሚቆጥበው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቴርሞስታቱ ግምታዊ ነው፣ ታወሩ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር አይደርስም፣ የቢራ ቱቦው አጭር ነው፣ ሩቢኔቱ ደግሞ ክሮም የተቀባ ናስ ነው። ገንዘባችሁንም በዚሁ ተራ አውጡት፦ ቅዝቃዜ፣ ቱቦ፣ ከዚያ ሩቢኔት። ሩቢኔቱ ስለሚያብረቀርቅ ሁሉም ከእሱ ይጀምራል።

በመለካት ጀምሩ። የፍሪጁን አየር ሳይሆን ቢራውን ለኩ። አንድ ብርጭቆ ቅዱና ቶሎ ቴርሞሜትር ክተቱበት። ወዲያው ሁለተኛ ቅዱና እሱንም ለኩ። ሁለተኛው 3 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ፍሪጁ ሥራውን እየሠራ ነው። 6 ወይም 7 ከሆነ ችግሩ እዚያው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ተዉት። ቢራ ውስጥ የሟሟው ጋዝ ሙቀት ሲያገኝ መውጣት ይፈልጋል፣ የሚወጣው ደግሞ አረፋ ሆኖ ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ሆኖ ሁለተኛው ጥሩ ከሆነ ጥፋተኛው ታወሩ ነው። ሁሉም ብርጭቆ አረፋ ከሆነ በርሜሉ ሞቋል፣ ወይም ግፊቱና ቱቦው አልተመጣጠኑም። ይህችን ምርመራ ሳትሠሩ ምንም ዕቃ አትግዙ።

ከ1 እስከ 7 ቁጥር ያለበት ቴርሞስታት የሚያውቀው ከጎኑ ያለውን ቅዝቃዜ ነው እንጂ የበርሜሉን አይደለም። መፍትሔው የውጭ የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። ይህ ሶኬት ያለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ፍሪጁ እሱ ላይ ይሰካል፣ እሱ ግድግዳው ላይ። የመቆጣጠሪያውን የሙቀት መለኪያ ጫፍ በርሜሉ ጎን ላይ፣ መሐል ከፍታው ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ከላዩ ስፖንጅ ደርቡበት፤ አለበለዚያ አየሩን ነው የሚለካው። 3 ዲግሪ ላይ አድርጉት፣ ልዩነቱን (ፍሪጁ እንደገና እስኪነሳ የሚፈቀደውን የሙቀት ጭማሪ) 1 ዲግሪ፣ የኮምፕሬሰር ማዘግያውን ቢያንስ 3 ደቂቃ። ማዘግያውን እንዳትረሱ፤ ኮምፕሬሰር ጠፍቶ ወዲያው ሲነሳ ነው የሚቃጠለው። የፍሪጁ የራሱ ቴርሞስታት መጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ ይሁን። አንድ ነገር ግን አረጋግጡ፦ ሳጥኑ የፍሪጁን መብራት እየቆረጠና እየመለሰ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ፍሪጁ ዲጂታል ከሆነ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የነበረበትን ቁጥር ማስታወስ አለበት። ከረሳ ይህ ዘዴ ለእሱ አይሆንም።

ሞቆ የመጣ በርሜል ደግሞ ቸኩላችሁ አትክፈቱ። 50 ሊትር ቢራ በአንድ ሌሊት አይቀዘቅዝም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

አሁን ታወሩ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ታች ይተኛል። ታወሩ ላይ የቆመው ቢራ ግን ክፍሉ ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል። ትንሽ የኮምፒውተር ፋን፣ ባለ 12 ቮልት፣ በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አፍ ላይ ግጠሙ። ከሳጥኑ ስፋቱ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ ቱቦ አውጡና ከቢራው ቱቦ ጎን ለጎን እስከ ታወሩ ጫፍ አድርሱት። የቱቦው አፍ ሩቢኔቱ ከሚገጠምበት ብረት አጠገብ መድረስ አለበት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቢቀር ዋጋ የለውም። የተነፋው አየር በታወሩ ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። ፋኑ የፍሪጁን አየርም ስለሚያማታው በላይና በታች መካከል የነበረው ልዩነት አብሮ ይጠባል። ይህ የማሻሻያ ሁሉ አለቃ ነው፤ ለወጣው ብር ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ አላየሁም።

ለፋኑ ሽቦ ብላችሁ የፍሪጁን ግድግዳ እንዳትበሱ! በሙያዬ ስለማየው ነው የምጮኸው። የብዙ ፍሪጆች የማቀዝቀዣ ጋዝ መስመር ከጎን ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚሄደው፣ ከውጭ አይታይም። አንዴ ከተበሳ ፍሪጁ አለቀለት ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች አር600ኤ የሚባል ጋዝ ይጠቀማሉ፤ እሱ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ቀጭን ሽቦ በበሩ ጎሚኒ መሐል ያልፋል፣ ወይም የቢራው ቱቦ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል ውሰዱት።

ቅዝቃዜው ከተስተካከለ በኋላም አረፋው ካልለቀቀ ወደ ቱቦው እንሂድ። ነገሩ ትግል ነው፦ ከሲሊንደሩ የሚመጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ቢራውን ይገፋል፣ ቱቦው ይይዛል። ቱቦው አጭር ከሆነ የሚይዘው የለም፤ ቢራው እየተምዘገዘገ ይወጣና ብርጭቆው ውስጥ ይፈነዳል። ከእነዚህ ፍሪጆች ጋር የሚመጣው ቱቦ ብዙ ጊዜ 1.5 ሜትር አካባቢ ነው። የውስጥ ስፋቱ 4.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የቢራ ቱቦ ግን በ12 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ0.8 ባር ግፊት፣ 3 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ረዥም ገዝታችሁ ጀምሩ። ቢራው በጣም ከዘገየ 15 ሴንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ ሞክሩ። መቁረጥ ይቻላል፣ መቀጠል ግን አይመከርም፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አረፋ ይፈጥራል። የቱቦውን ጫፍ ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ ትንሽ ብትነክሩት ይለሰልስና በቀላሉ ይገባል፣ ከዚያ በፋሸታ አጥብቁት። የተረፈውን ጠቅልላችሁ በርሜሉ ላይ አስተኙት። ከፍሪጁ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዳይውል፤ እዚያ በረዶ ሊይዝ ይችላል።

«ቱቦ ከምቀይር ግፊቱን ባወርድስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ለአንድ ቀን ይሠራል። ግፊቱ ሲወርድ ግን ቢራው የያዘውን ጋዝ ቀስ በቀስ ይለቃል። ቱቦው ውስጥ ክፍተት ይፈጠራል፣ አረፋው ይመለሳል፣ በሳምንቱም የምትጠጡት የሞተ ቢራ ነው። በ3 ዲግሪ ላይ 12 ፒኤስአይ ለአብዛኛው ቢራ ልክ ነው። አስተካክሉና እጃችሁን አንሱ።

ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የግፊት መለኪያው ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ከባሕር ወለል ከፍ ባላችሁ ቁጥር የውጭው አየር ይሳሳል፤ ስለዚህ በየ600 ሜትሩ 1 ፒኤስአይ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። 2,400 ሜትር ላይ 12 የነበረው 16 ይሆናል። ገፊው ጉልበት ስለጨመረ ቱቦውም ሊረዝም ይገባል፤ 4 ሜትር ቢሆን አይገርምም። የፍሪጁ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ለቆላና ለደጋ ለይቶ አይናገርም።

ስለ ጋዙ አጭር ነገር። ሲሊንደሩ ላይ ያለው ትልቁ ጌጅ ምን ያህል እንደቀረ አይናገርም። ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ፣ ወደ 57 ባር ገደማ እያሳየ ይቀመጣል፤ ከዚያ ድንገት ይወርዳል። ቀሪውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሚዛን ላይ አውጡት፤ የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀቡና አረፋ የሚነፋውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት በሚቀንሰው ዕቃ) እና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው፤ ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ አድርጉበት። ሲሊንደሩን አቁማችሁ እሰሩት። ክፍሉም አየር ይግባበት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይከማቻል፣ ያፍናል።

አሁን ሩቢኔት መግዛት ትችላላችሁ። ርካሹ ሩቢኔት የሚዘጋው ከኋላ ነው። የተረፈው ቢራ ከፊቱ ባለው ቦታ ላይ ይቀርና ይደርቃል፣ ይጣበቃል፣ ይሸታል። እጀታው አልንቀሳቀስ የሚላችሁም ለዚያ ነው። ከፊት የሚዘጋውን ግዙ፣ ለምሳሌ ፐርሊክ የሚሠራቸውን ዓይነት። ቁሱ ስቴንለስ ስቲል ይሁን፤ ክሮሙ ሲላጥ ናሱ ቢራውን ብረት ብረት ያሰኘዋል። ከታወሩ የሚገጥምበት አካልም ናስ ከሆነ አብራችሁ ቀይሩት፣ ጥርሱ መግጠሙን ግን ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። ፍሰት መቆጣጠሪያ ያለው ሩቢኔት ጥሩ ነው፣ የአጭር ቱቦ ምትክ ነው ብለው ሲሸጡት ግን አትመኑ፤ እሱ ጥቃቅኑን ለማስተካከል ነው።

በየሁለት ሳምንቱ መስመሩን እጠቡ። ለቢራ መስመር የሚሸጠውን አልካላይን ማጽጃ መመሪያው ባለው መጠን በጥብጡ፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ቱቦውን ሙሉና 20 ደቂቃ አቆዩት። ሩቢኔቱን ፈትታችሁ በብሩሽ እሹት። ከዚያ እስኪጠራ በንጹሕ ውሃ አጥቡ። በየሦስት ወሩ በአሲድ ማጽጃ አንዴ ድገሙ፤ የቢራ ድንጋይ የሚባለውን ነጭ ቅርፊት የሚያስለቅቀው እሱ ነው። አልካላይኑና አሲዱ በምንም ዓይነት እንዳይቀላቀሉ፣ መሐላቸው ብዙ ውሃ ይለፍ። ተራው የፕላስቲክ ቱቦ ቢታጠብም እንኳ በዓመት አንዴ ይቀየራል።

ስትቀዱ ሩቢኔቱን በአንዴ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። በከፊል መክፈት አረፋ ይቀንሳል የሚመስለው ብዙ ነው፤ እንዲያውም ያባብሳል። ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና አጋድማችሁ ያዙ፣ ሊሞላ ሲል አቅኑት። የሩቢኔቱ አፍ ቢራው ውስጥ አይጠመቅ። ጎኑ ላይ የሚጣበቁ አረፋዎች ካያችሁ ብርጭቆው ቅባት ይዟል፤ ለእሱ ፍሪጅ ጠጋኝ አትጥሩ።