በሲ የስትራክት አባላትን በሜሞሪ ውስጥ እንዴት መደርደር ይቻላል

በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስትራክት የተለያየ ዓይነት ያላቸውን አባላት በአንድ ላይ ያቅፋል። አንድ ቻር (1 ባይት)፣ ቀጥሎ ዳብል (8 ባይት የአስርዮሽ ቁጥር)፣ ከዚያ ሌላ ቻር የያዘ ስትራክት አባላቱ ሲደመሩ 10 ባይት ነው። በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ መጠን የሚለካው ሳይዝኦፍ ግን 24 ይላል። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ዳብሉን ለ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ ለማሳረፍ ከመጀመሪያው ቻር በኋላ 7 ባይት ይዘላል። በአሬይ (የተመሳሳይ ዓይነት ዳታ ተርታ) ውስጥ የሚቀጥለው ስትራክትም ልክ ቦታው ላይ እንዲጀምር መጨረሻው ላይ ሌላ 7 ይጨምራል። ይህ ባዶ ቦታ ፓዲንግ ይባላል። የሲ ስታንዳርድ ኮምፓይለሩ የአባላቱን ቅደም ተከተል እንዲቀይር ስለማይፈቅድለት ማስተካከሉ የእናንተ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ሳይዝኦፍ ጠቅላላውን መጠን፣ ኦፍሴትኦፍ ደግሞ እያንዳንዱ አባል የሚጀምርበትን ባይት ይነግራችኋል። ፓሆል የተባለው የሊኑክስ መሣሪያ በዲበግ መረጃ ከተጠናቀረ ፋይል ላይ ክፍተቶቹን አንድ በአንድ ያሳያል።

ቀጥሎ ትልልቆቹን አስቀድሙ፦ ዳብልና ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ)፣ ከዚያ ኢንት፣ ከዚያ ሾርት፣ ቻር መጨረሻ። የላይኛው ምሳሌ በዚህ ብቻ ወደ 16 ባይት ይወርዳል፤ አንድ ሚሊዮን ስትራክት ባለው አሬይ ላይ 8 ሚሊዮን ባይት ተረፈ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚፈጠር ስትራክት ግን ተዛማጅ አባላትን አትበትኑ፤ ለአንባቢ ግልጽ መሆኑ ይበልጣል።

ሎንግ የተባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ 4 ባይት ስለሆነ እንደ ዩኢንት32_ቲ (ምልክት የሌለው 32 ቢት ቁጥር) ያሉ ስፋታቸው የታወቀ ዓይነቶችን ተጠቀሙ። ይህም ብቻውን አይበቃም። በ32 ቢት ኢንቴል ላይ ሊኑክስ በስትራክት ውስጥ ያለን ዳብል ለ4፣ ዊንዶውስ ለ8 በሚካፈል ቦታ ያስቀምጡታል። ስለዚህ ስትራክትን እንዳለ ወደ ፋይል ወይም ወደ ኔትወርክ መጻፍ ስህተት ነው።

የቢኤምፒ ምስል ፋይልን እንይ። የመጀመሪያው ሄደሩ 14 ባይት ነው፦ 2 ባይት መለያ፣ 4 ባይት የፋይል መጠን፣ ሁለት ባለ 2 ባይት የተያዙ ቦታዎች፣ 4 ባይት የምስሉ መነሻ። በተራ ስትራክት ስትጽፉት 16 ይሆናል፤ መጠኑም ከባይት 2 ይልቅ ከባይት 4 ይነበባል። ብዙዎች እዚህ ላይ ፓዲንግ አታስገባ የሚለውን የኮምፓይለር ትእዛዝ፣ ፕራግማ ፓክ 1ን፣ ይጨምራሉ። ፓዲንጉ በርግጥ ይጠፋል። ግን የአንዱን አባል አድራሻ በተራ ፖይንተር ከያዛችሁ ኮምፓይለሩ አድራሻው የተዛነፈ መሆኑን አያውቅም፤ ኮርቴክስ ኤም0 በተባለው ትንሽ ፕሮሰሰር ላይ ፕሮግራሙ ሃርድ ፎልት በሚባል የፕሮሰሰር ስህተት ይቆማል። ኢንቴል ላይ ሠራ ብላችሁም አትተማመኑ፤ በፕሮሰሰሮች መካከል ያለውን የባይት ቅደም ተከተል ልዩነትም (የቁጥሩ ዝቅተኛ ባይት ይቅደም ወይስ ከፍተኛው) ፓክ አይፈታውም።

አስተማማኙ መንገድ 14 ባይቱን ወደ ዩኢንት8_ቲ አሬይ አንብቦ ቁጥሩን በእጅ መገንባት ነው። ለፋይሉ መጠን ባይት 2ን እንዳለ፣ ባይት 3ን 8 ቢት፣ ባይት 4ን 16 ቢት፣ ባይት 5ን 24 ቢት ወደ ግራ አንሸራትታችሁ ቢቶችን በሚያጣምረው ኦር አጣምሩ። ከማንሸራተታችሁ በፊት እያንዳንዱን ወደ ዩኢንት32_ቲ ቀይሩ፤ አለዚያ ባይቱ ምልክት ወዳለው ኢንት ይለወጥና 128ና ከዚያ በላይ የሆነ ባይት በ24 ሲንሸራተት ውጤቱ ያልተወሰነ ይሆናል።

የጠበቃችሁትን መጠንና ኦፍሴት በሲ11 (የ2011 የሲ ስታንዳርድ) ስታቲክ አሰርት ቆልፉ፤ ሌላ ፕላትፎርም ላይ ሲለያይ ስህተቱ ገና ሲጠናቀር ይታያል። ሁለት ስትራክቶችንም ባይት በባይት በሚያነጻጽረው ሜምኮምፕ (memcmp) አታወዳድሩ። በፓዲንጉ ውስጥ ምን እንዳለ ዋስትና ስለሌለ አባላቱ እኩል ሆነው ሳለ የተለያዩ ናቸው ሊላችሁ ይችላል፤ አባል በአባል አወዳድሩ።