የመኪና ስፖይለር በቤት ስትቀይሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ስፖይለር (መኪናው ኋላ ላይ የሚታሰረውን ክንፍ) መቀየር ጋራዥ የግድ አያስፈልገውም። ዳዶ መፍታትና ማሰር የሚችል ሰው ግማሽ ቀን ካለው ይበቃዋል። ጣጣው የሚመጣው ከታሰረ በኋላ ነው። ውሃ ያስገባል፣ ያፏጫል፣ መብራቱ እምቢ ይላል። እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ ቪትዝና ያሪስ ነው፤ ስፖይለራቸው የኋላ በር አናት ላይ ስለሚቀመጥ። ኮሮላን የመሰሉ የኋላ ኮፈን ያላቸው መኪኖች ላይም አብዛኛው ያው ነው።

ቀዳዳው አልገጥም አለ

የሌላ ሞዴል ስፖይለር ገዝታችሁ ይሆናል። ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2005 የተመረተው፣ ከ2005 እስከ 2010 ያለውና ከዚያ ወዲህ የመጣው የኋላ በራቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ «የቪትዝ ስፖይለር አለ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። የሻንሲ ኮዱን ያዙ፤ ኤስሲፒ10፣ ኬኤስፒ90፣ ኬኤስፒ130 የሚለውን ማለት ነው። አሮጌው ስፖይለር ካለ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱና ቡሎን ከቡሎን አስተያዩ።

ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳውን በክብ ሞረድ ሰፋ አድርጋችሁ በውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ አስገቡ። ከዚያ በላይ ከሆነ መልሱት። በጉልበት ጎትቶ ማሰር አያዋጣም፤ የተወጠረ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ቡሎኑ ጋ ይሰነጠቃል።

የፍሬን መብራቱ አልበራም

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ስፖይለሩ ላይ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራት ጌጥ አይደለም። ከኋላችሁ ያለው መኪና የታችኞቹን መብራቶቻችሁን ሲጋርዳቸው፣ ከእሱ ኋላ ያለው ሾፌር በመስታወት አሻግሮ የሚያየው ይህንኑ ነው። አሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። መብራቱ ሳይሠራ «በኋላ አያለሁ» ብላችሁ አትውጡ።

መጀመሪያ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ከኋላ ሆናችሁ እዩ። የታችኞቹም ካልበሩ ፊውዙ ሳይቃጠል አልቀረም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሽቦው በስፖይለሩና በላሜራው መካከል ተቆንጥጦ መላጡ ነው። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ላይ ይህ ፊውዝ ሲሄድ ማርሹም ከፒ (ፓርኪንግ) አልወጣም ይላል፤ ሰው ካምቢዮ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ፊውዙን ብቻ ቀይራችሁ አትለፉት። የተላጠውን ቦታ ፈልጉ፣ በናስትሮ ጠቅልሉት፣ ሽቦውንም ከማይቆነጠጥበት ቦታ አሳልፉት። በፊውዙ ፋንታ ሽቦ መጠቅለል ደግሞ መኪና ያቃጥላል፤ በጭራሽ አታድርጉት።

የታችኞቹ በርተው የላይኛው ብቻ ጨለማ ከሆነ መብራቱ ኤልኢዲ መሆኑን እዩ። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገላበጠ አይበራም፤ ተራ አምፖል ግን በየትኛውም በኩል ይበራል። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሩና ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ፍሬን ተረግጦ እያለ ሶኬቱን በቴስተር ለኩ። ወደ 12 ቮልት ካሳየ ችግሩ መብራቱ ራሱ ነው።

ምንም ካላሳየ በሩና ጣራው መካከል ወዳለው የጎማ ቱቦ ሂዱ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያ ይታጠፋሉ፤ ዕድሜ የጠገበ መኪና ላይ ይበጠሳሉ። ከውጭ ስታዩት ደህና ይመስላል፤ ላዩ አልተቆረጠምና። ጎማውን ገፋ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ሽቦ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጎተት አድርጉት። መዳቡ የተበጠሰው ይለጠጣል። እሱን ቆርጣችሁ ትንሽ ረዘም ያለ ሽቦ ጨምሩበት፣ በሊድ በይዱት፣ በናስትሮ ጠቅልሉት።

መብራቱ በርቶ ፈዘዝ ካለ ደግሞ ማሳውን (ላሜራው ላይ የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ሽቦ) እዩ። የታሰረበትን ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ እንደገና እሰሩት።

ውሃ ያስገባል

ይህን የሚያጋልጠው ክረምት ነው። ኋላ ያለው ምንጣፍ ይረጥባል፣ መኪናው የሻገተ ነገር ይሸታል፣ ትርፍ ጎማው ስር ውሃ ይቋጥራል። ውሃው የሚገባው በቡሎኖቹ ቀዳዳ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የበሩን የውስጥ መሸፈኛ አውጡና አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ሌላው ከውጭ በጆግ ውሃ ቀስ እያለ ያፍስ። የሚያንጠባጥበው ወዲያው ይታያል።

ስፖይለሩን ፈታችሁ አሮጌውን ሲሊኮን በፕላስቲክ ካርድ ፋቁት። ቦታው በደንብ ይድረቅ። ከዚያ እያንዳንዱን ቀዳዳ በውጭ በኩል፣ ከስፖይለሩ ስር፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀቡት። በውስጥ በኩል ብቻ ብትደፍኑት ውሃው ቀዳዳው ውስጥ ቆሞ ያዝገዋል። ሲሊኮኑንም አሽትታችሁ ግዙ። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ላሜራ ይበላል፤ እሱ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት ይሁን።

አዲስ ቀዳዳ የከፈታችሁ ከሆነ ሌላም ሥራ አለ። በ3 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ጀምራችሁ ነው ወደ ቡሎኑ ልክ የምታሰፉት። የተበሳውን የላሜራ ጠርዝ ፀረ ዝገትና ቀለም ቀቡት። የወደቀውን የብረት ፍቅፋቂ አንድም ሳታስቀሩ ጥረጉ፤ በሩ ውስጥ ከቀረ እሱ ራሱ ይዝጋል።

የተለጠፈው ጠርዝ ተነሳ

ጠርዙ የተለጠፈበት ባለ ሁለት ፊት ቴፕ ርካሽ ካልሆነ በቀር ምክንያቱ ቆሻሻ ወይም ብርድ ነው። ሰም የተቀባ ቀለም ላይ ምንም አይያዝም። ግማሽ አይሶፕሮፒል አልኮል ግማሽ ውሃ ቀላቅላችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በቤንዚን አትጥረጉት፤ ቅባት ይተዋል። ጥሩ ባለ ሁለት ፊት ቴፕ በደንብ የሚይዘው ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ነው፤ ከ10 በታች ባትሞክሩት ይሻላል። የአዲስ አበባ ጠዋት ለዚህ ሥራ አይመችም። እኩለ ቀን ጠብቁ ወይም ላሜራውን በፀጉር ፎን አሙቁት። ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚይዘው ግማሽ ያህሉን ነው፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ነው። እስከዚያ መኪና አይታጠብ፣ ፈጣን መንገድም አይወጣ።

ያፏጫል፣ ይንኳኳል

ካፏጨ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ፤ ቀጭን የጎማ ስፖንጅ ይበቃዋል። ከተንኳኳ ዳዶ ላልቷል። ዳዶውን ስታጠብቁ ቡሎኑ አብሮ ከዞረ ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው መያዣው ተላቋል፤ ከልክ በላይ በማጥበቅ የሚመጣ ነው። ስፖይለሩን አውጡና ቡሎኑን በኢፖክሲ ለጥፉት፣ አንድ ቀን ይደር። ስትመልሱት በአጭር ቁልፍ በእጃችሁ ኃይል ብቻ እሰሩ።

በሩ ተከፍቶ አልቆም አለ

የፋይበር ስፖይለር ከፋብሪካው ስፖይለር ሊከብድ ይችላል። በሩን ደግፈው የሚያቆሙት የጋዝ ሾኮች ቀድሞውኑ ከደከሙ ይህን ጭማሪ አይችሉትም። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ በሩን ያጣምመዋል። እስክትቀይሩ ድረስ በሩን በዱላ አስደግፉት፣ ልጆችም ከስሩ እንዳይቆሙ።