ስለ ጎርፍና ስለ ድርቅ አጭር ፊልም ለመሥራት መዋጮ ሲጠየቅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ለሐረር ከተማ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር። በዚህ አካባቢ ያደገ ፊልም ሠሪ፣ ሰው ከተፈጥሮ ቁጣና ከራሱ ጥፋት እንዴት እንደሚተርፍ የሚያሳይ አጭር ፊልም ለመሥራት ቢነሳ ታሪክ አያጣም። የሚያጣው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡንም ከሕዝብ ለመሰብሰብ ሲሞክር ጥሪውን የሚያከሽፉት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ሊወገዱ የሚችሉ ስህተቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ጥሪውን በአጠቃላይ አነጋገር መሙላት ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ዓለምን እያሰጋት መሆኑን ሰጪው ያውቃል፤ የማያውቀው ይህ ፊልም ስለ ማን እንደሆነ ነው። ሐረማያን ያደረቀው አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች እየታጠበ የገባው ደለል፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የተሳበው ውኃ፣ ለሐረርና በዙሪያው ላሉ ከተሞች በፓምፕ የተገፋው ውኃ ተደማምረው ነው። ስለዚህ ልጆቹን ለማሳደር ፓምፑን የሚያስነሳ፣ በዚያው ፓምፕ የነገ ውኃውን የሚጨርስ አንድ ገበሬ ብቻውን ሙሉ ፊልም ይሆናል። ጥሪው ይህን ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር ካስተዋወቀ፣ ሰጪው ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል በዓይነ ሕሊናው ያየዋል።

ሁለተኛው የተጎጂዎችን ሐዘን ለገንዘብ መለመኛ ማድረግ ነው፤ እኔ በግሌ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በጎርፉ ልጇን ያጣች እናት ስታለቅስ የሚያሳይ ምስል በማስተዋወቂያው ቪዲዮ ላይ ቢለጠፍ መዋጮው ለጊዜው ሊጨምር ይችላል። ሴትዮዋ ግን ምስሏ የት እንደሚሄድና ለምን እንደሚውል በሚገባት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ፣ ሳይነገራት የሰጠችው ፈቃድ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባም። ፊልሙ ልብ ወለድ ከሆነ ተዋናዮች አሉ፤ ለማስተዋወቂያው ከአንድ ትዕይንት ላይ ጥቂት ደቂቃ ቀርጾ ማሳየት ከእንባ ይልቅ የፊልም ሠሪውን ችሎታ ይመሰክራል።

ሦስተኛው ስህተት ገንዘቡ በምን መንገድ እጅ እንደሚገባ ሳያጣሩ መጀመር ነው። በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ኪክስታርተር የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ሰው በራሱ ስም የመዋጮ ዘመቻ እንዲከፍት አይፈቅድም። በዚያ ላይ የተጠየቀው ገንዘብ ቢበዛ 60 ቀን ሊሆን በሚችለው የጊዜ ገደብ ውስጥ ካልሞላ ምንም አይከፈልም፤ ከሞላም ድርጅቱ 5 በመቶ ይወስዳል፣ የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪም ለብቻው ይቆረጣል። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም ለመክፈት ከታሰበ ገንዘቡ የሚገባው በዘመዱ ሒሳብ ስለሆነ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ገንዘቡ መቼና በምን መንገድ እንደሚላክ፣ ፊልሙ ቢቀር ለሰጪዎች ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ወንድም ከወንድም ጋር መፈራረሙ አለመተማመን መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ ይልቁንም ዝምድናውን የሚጠብቀው እርሱ ነው። አገር ውስጥ በቴሌብር ወይም በባንክ ለሚሰበሰበው ደግሞ ከግል ገንዘብ የተለየ፣ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይሻላል።

በጀት ላይ የሚፈጸመው ስህተት ካሜራን ብቻ ማሰብ ነው። ድምፅ፣ የትርጉም ጽሑፍ፣ የመጠባበቂያ ሐርድ ዲስክ፣ የፌስቲቫል መመዝገቢያ ክፍያ ይረሳሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃን በድሮ ዋጋ አስልቶ ጥሪ ማውጣት ሥራውን መሀል ላይ ያስቀራል። የቀረጻው ወቅትም የበጀት ጉዳይ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደጋው የጣለ ዝናብ ድንገት ሊሞላው ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ተዋንያንን አሸዋው ላይ አሰልፎ እውነተኛ ጎርፍ መጠበቅ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። የጎርፉ ትዕይንት በሌላ ቦታና በሌላ ዘዴ እንዲሠራ ወጪው ከመጀመሪያው ይካተት፤ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ሆኖ ዝናቡን በስልክ የሚያሳውቅ ሰው አበልም እንዲሁ።

ሌላው ስህተት ዘመቻውን ከፍቶ የማያውቁትን ሰው መጠበቅ ነው። ባዶ የመዋጮ ገጽ የሚያይ እንግዳ ሌሎች ያላመኑትን እኔ ለምን ልመን ይላል። በሐረር አፎቻ፣ በድሬዳዋ እድርና እቁብ ሰው በአንድነት መስጠትን የለመደባቸው ማኅበራት ናቸው። ዘመቻው ሳይከፈት አስቀድሞ ወደ እነርሱ ቀርቦ ሐሳቡን ማስረዳት፣ ጥያቄያቸውንም መስማት ይገባል፤ እነርሱ የመጀመሪያውን ቀን ካስጀመሩት የሩቁ ሰው ይከተላል።

ለሰጪዎች በምላሹ ስለሚሰጥ ስጦታ አጭር ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። የሐረር ስፌት በእጅ የሚሠራና ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ስለሆነ ለብዙ ሰጪ ቃል ሊገባ አይገባም፤ የፖስታው ወጪም መዋጮውን ይበላል። በፊልሙ መጨረሻ ስም ማስፈርና ፊልሙን አስቀድሞ በኢንተርኔት ማሳየት ይበቃል።

ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ዝም ማለት የሚቀጥለውን ፊልም ሠሪ ሳይቀር ይጎዳል። ቀረጻው ከዘገየ ሰጪዎች ሳይጠይቁ ምክንያቱ፣ እስካሁን የወጣው ገንዘብና የቀረው በየወሩ ይነገራቸው።