ኃይሉ የተጨመረ ቱርቦ መኪና በአዲስ አበባ ዳገት እንዳይፈላ፦ የራዲያተር ውኃና የሞተር ዘይት ሙቀትን መቆጣጠር

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ቀትር ላይ እንኳ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ታዲያ ኃይሉ የተጨመረ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ወይም ላንሰር ኢቮ ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ሲወጣ መርፌው ወደ ቀይ የሚጠጋው ለምንድን ነው? ጥፋቱ የፀሐይዋ ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን እዚህ 77 ያህል ብቻ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ስለሳሳ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል።

ቱርቦ የሌላት ኮሮላ ይህ ነገር አይሰማትም። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቷም ስለሚወርድ የምታመነጨው ሙቀት አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦ ግን የጎደለውን አየር ጨምቆ ይሞላዋል። ሞተሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንዳለ ሆኖ ጉልበት ያወጣል፤ ራዲያተሩ የሚያገኘው ግን የፒያሳን አየር ነው። ቱርቦውም ይብስበታል፦ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ 2 ባር ፍጹም ግፊት ለማግኘት ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩን እጥፍ መጭመቅ ሲበቃው እዚህ 2.6 እጥፍ መጭመቅ አለበት። በ20 ዲግሪ የገባ አየር፣ የመጭመቂያው ብቃት 70 በመቶ ነው ብንል፣ እዚያ በ112፣ እዚህ በ150 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚቀበለው ኢንተርኩለር፣ ማለትም ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ዕቃ፣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከራዲያተሩ ፊት ነው።

ስለዚህ ትልቅ አሉሚኒየም ራዲያተር ለመግዛት አትቸኩሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መለካት፣ ያለውን ማስተካከል፣ አየሩን መምራት፣ ከዚያ በኋላ ነው ዕቃ መጨመር።

1. በእውነተኛ ቁጥር ለኩ

የክሩስኮቱን መርፌ አትመኑ። ብዙ ፋብሪካዎች መርፌው ከ80 እስከ 105 ዲግሪ ባለው ክልል መሐል ላይ እንዲቆም አድርገው ነው የሚሠሩት፤ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ዘግይታችኋል። የውኃውን ሙቀት ከኦቢዲ (የመኪናው መመርመሪያ) ሶኬት በብሉቱዝ ማንበቢያ ስልክ ላይ ማየት ይቻላል። ለዘይቱ ግን በአብዛኞቹ መኪኖች ለብቻው ሴንሰር መግጠም ያስፈልጋል። ቦታው የዘይት መያዣው ወይም ከፊልትሮው ሥር የሚገባው ሳንድዊች ፕሌት ነው። ከሙቀቱ ጋር የዘይት ግፊትም ይለካ፤ ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን ግፊቱ ሲወርድ ካላያችሁ የሙቀቱ ቁጥር ግማሽ ወሬ ነው።

አዲሱን ሴንሰር በፈላ ውኃ ስትፈትሹ 100 እንዲያሳይ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 92 ያነበበ ሴንሰር ትክክለኛ ነው፤ «8 ዲግሪ ይቀንሳል» ተብሎ የተጣለ ወይም ንባቡ ተነካክቶ የተበላሸ ደህና ሴንሰር ጥቂት አይደለም።

2. ያለውን ሥርዓት አስተካክሉ

የራዲያተሩ ክዳን ርካሹ ዕቃ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚረሳውም እሱው ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 (አንዳንዱ ላይ 88 ወይም 108 ኪሎ ፓስካል) ተጽፏል። ይህ ቁጥር ከውጭው አየር በላይ ያለው ግፊት ስለሆነ፣ የውጭው አየር ሲሳሳ የውኃው መፍያ ነጥብም አብሮ ይወርዳል። በ0.9 ክዳን ንጹሕ ውኃ ባሕር ጠረፍ ላይ በ118 ዲግሪ ግድም ሲፈላ እዚህ በ114 ይፈላል። የ1.1 ክዳን ሲገጠም እዚህም ወደ 118 ይመለሳል። በሌላ አባባል የአዲስ አበባ 1.1 የወደብ 0.9 ነው። ራዲያተራችሁና ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ 1.1 ግጠሙ። የራዲያተሩ ጫፎች ፕላስቲክ ከሆኑና ያረጁ ከሆነ ግን ከ1.1 በላይ አትውጡ፤ ስፌቱ ይከፈታል። ሶማሌ ተራ ስትገዙ ክዳኑን ገልብጡት፦ ትልቁ ጎማ ሳይሰነጠቅ ለስላሳ መሆን አለበት፤ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ በጥፍር ስትሳብ ተከፍታ በራሷ መመለስ አለባት። ያቺ ቫልቭ ከደረቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውኃው ከማጠራቀሚያው አይመለስም፤ የላይኛው ቱቦም ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ።

የቧንቧ ውኃ አትጨምሩ፤ ድንጋይና ዝገት ይሠራል። ባትሪ ቤቶች የሚሸጡት የተጣራ ውኃ ይበቃል። ብቻ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳታነቡ እንዳትቀዱ። እዚህ ውኃ የሚያረጋ ውርጭ ስለሌለ ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ግዴታ አይደለም፤ ንጹሕ ውኃ ከኩላንት ይልቅ ሙቀት በደንብ ይሸከማል። 7 ሊትር ለሚይዝ ሞተር 2.5 ሊትር ያልተቀጠነ ኩላንትና 4.5 ሊትር የተጣራ ውኃ ጥሩ ድብልቅ ነው። ከ30 በመቶ በታች መውረድ ግን የዝገት መከላከያውን ያሳጣል። ጣሳው ላይ «የተቀላቀለ» የሚል ካለ ደግሞ ምንም ሳይጨመርበት ይገባል።

ቴርሞስታት (ውኃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን በር) ማውለቅ በየጋራዡ የተለመደ መድኃኒት ነው፤ ለቱርቦ መኪና ግን መርዝ ነው። ቁልቁለትና ሜዳ ላይ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል፤ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ የተረፈው ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ የቴርሞስታቱ የታችኛው ሳሕን ሲከፈት የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ሳሕኑ ከሌለ ትኩሱ ውኃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል፤ እንዲቀዘቅዝ የወለቀው ቴርሞስታት ዳገት ላይ የሚያፈላው በዚህ ነው። አዲስ ስትገዙ በድስት ፈትሹት፣ ከፍታውን ግን አትርሱ፦ በ82 መከፈት ጀምሮ በ95 ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ቴርሞስታት 92 ላይ በሚፈላ ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። መከፈት የጀመረበትን ሙቀት እዩ እንጂ «አልከፈት አለ» ብላችሁ አትመልሱት።

ውኃ ስትሞሉ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አዙሩ፤ ለዚህስ ከተማው ሞልቶታል። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ የላይኛውን ቱቦ በእጅ እየጨመቃችሁ አየሩን አስወጡ፤ ፋኑ ሁለቴ ተነስቶ እስኪጠፋ በሚኒሞ አቆዩት። የሱባሩ ጠፍጣፋ ሞተር አየር ደብቆ ማስቀረት ስለሚወድ በማግሥቱ ጠዋት ደግማችሁ እዩ። አረፋው ከሦስት ቀን በኋላም ካላቆመ፣ በተለይ ዳገት ከወጣችሁ በኋላ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት የማቃጠያ ጋዝ እያሳለፈ ነው። ቀለም በሚቀይረው መመርመሪያ ፈሳሽ አረጋግጡ፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከሄደ ሌላ ዕቃ ላይ ገንዘብ አታውጡ።

3. አየሩ አቋራጭ እንዳያገኝ

አየር እንደ ውኃ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በራዲያተሩና በመኪናው አካል መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አየሩ በዚያ ያመልጣል። በአንድ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ላሜራና በመስኮት ማሸጊያ ስፖንጅ ዙሪያውን ዝጉ፤ ከባምፐሩ ቀዳዳ እስከ ራዲያተሩ ፊት ጎኖቹ የተዘጉ መተላለፊያ ይኑር። ከሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ዘይት ለመቀየር አስቸገረ ብሎ መጣል ትልቅ ስሕተት ነው፤ እሱ ከሌለ ከሥር የሚገባው አየር ሞተሩ ክፍል ውስጥ ግፊት ፈጥሮ ከፊት የሚመጣውን ይገፋዋል። ኮፈኑን ከኋላ በኩል በሮንዴላ ከፍ ማድረግም ብዙ አይረዳም፦ የፊት መስታወቱ ሥር ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ሲነዳ አየሩ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

በኢንተርኩለሩና በራዲያተሩ መካከል የሚከማቸው የግንባታ አቧራና ቅጠል ከፊት አይታይም። ላቫጆ ስትሄዱ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ ውኃ ይለቀቅበት። ባለ ከፍተኛ ግፊቱ ማጠቢያ ክንፎቹን አጥፎ መንገዱን ይዘጋል።

4. ፋኑ

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በሰልፍ ስትቆሙ ያላችሁ አየር ፋኑ የሚስበው ብቻ ነው። ፋኑን አስነሱና አንድ ነጠላ ወረቀት ከፊት በኩል ራዲያተሩ ላይ አስጠጉ፦ ተስቦ ከተጣበቀ ደህና ነው፤ ከተገፋ ዋልታው ተገልብጧል። በየማዕዘኑ ሞክሩት፤ ሽፋን የሌለው ፋን ከፊቱ ያለውን ክብ ብቻ ይስባል። ሁለት ባለ 12 ኢንች ፋን ከገጠማችሁ ለእያንዳንዱ የራሱ ሪሌ፣ የ30 አምፔር ፊውዝና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሁንለት። ሞተሩ እየሠራ የፋኑ ሶኬት ላይ ለኩ፦ ከ13 ቮልት በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኔጋቲቭ ሽቦው ነው። 11 ቮልት የሚደርሰው ፋን ሲዞር ያምራል እንጂ አይስብም።

5. የዘይት ማቀዝቀዣ

ይህን የምትገጥሙት ዘይቱ ከ120 ዲግሪ በላይ ደጋግሞ ካለፈ ብቻ ነው። በከተማ አጭር ጉዞ ብቻ የምትነዱት ከሆነ ችግራችሁ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል፦ 80 ሳይደርስ የሚጠፋ ሞተር ውስጥ ያለ ዘይት ቤንዚንና ውኃ ያጠራቅማል።

ቴርሞስታት ያለው ሳንድዊች ፕሌት ግዙ፤ በ80 ዲግሪ ገደማ የሚከፈተው ይበቃል። የፊልትሮው ጥርስ በሱባሩና በሚትሱቢሺ 20 ሚሊ ሜትር በ1.5 ነው፤ በብዙ ቶዮታዎች ግን ሦስት ሩብ ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ ነው። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ የተሳሳተው ጥቂት ዙር ገብቶ ይነክሳል፣ ከዚያ ዘይቱ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ለ300 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ባለ 19 ረድፍ ማቀዝቀዣና ኤኤን-10 የሚባለው መጠን ቱቦ በቂ ነው።

ቦታው ራዲያተሩ ፊት ባይሆን ይመረጣል፤ የዘይቱ ሙቀት ወደ ውኃው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ከፊት ጎማው ፊት ያለው የባምፐር ጥግ፣ የአየር መግቢያና ከኋላው መውጫ ተቆርጦለት፣ የተሻለ ነው። አፎቹ ወደ ላይ ይሁኑ፣ አየር እንዳይታሰርበት። በጎማ ትራስ ላይ እሰሩት፤ ኮብልስቶን በብሎን የታሰረ አሉሚኒየምን ይሰነጥቃል። ከባምፐሩ የታችኛ ጠርዝ ዝቅ ካለ ደግሞ የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይወስደዋል። ቱቦው ቱርቦው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ሙቀት መከላከያ ልብስ አልብሱት።

ከገጠማችሁ በኋላ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅላችሁ ለ10 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ በስታርተር አዙሩ፤ የግፊት መብራቱ ሲጠፋ ፊውዙን መልሱና አስነሱ። አንድ ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ በዘይት መለኪያው ዘንግ እዩ። ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተጨማሪ ይፈልጋል። ዘይቱ ሙሉ ሲንተቲክ ይሁን፤ ለአብዛኞቹ 5ደብልዩ-40 ይስማማል፤ ዘይቱ ከ120 በላይ የሚያዘወትር ከሆነ 5ደብልዩ-50 ይታሰብ። በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩት፤ ሲሸተት ቤንዚን ቤንዚን ካለ ከዚያም በፊት።

6. ሙከራውና ቁጥሮቹ

መኪናውን አሙቃችሁ ከለገሃር በቸርችል ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጋችሁ ወደ እንጦጦ ውጡ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ያልፈላ መኪና መሐል ከተማ ዳገት ላይ አይፈላም። ትራፊክ በሚቀልበት በእሑድ ጠዋት፣ በሕጋዊ ፍጥነት ይሁን፤ ዳገቱ ራሱ ጭነት ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው በየደቂቃው ውኃውን፣ ዘይቱንና የዘይቱን ግፊት ይመዝግብ።

ውኃው ከ88 እስከ 98 ቢመላለስ ጤና ነው፤ 105 ሲደርስ እግራችሁን አንሡ፤ 112 ላይ ቁሙ። ዘይቱ ከ80 በታች እያለ ቱርቦውን አታስጨንቁት፤ ከ95 እስከ 115 ምቹው ነው፤ 125 ላይ ቀንሱ፤ 135 ላይ አቁሙ። የዘይቱ ግፊት በሙቅ ሞተር ለየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ያህል ይሁን።

የቁጥሮቹ አካሄድ ጥፋቱን ይናገራል። በሰልፍ እየጨመረ ስትነዱ ከወረደ ፋኑን ፈትሹ። ዳገት ላይ ስትነዱ ከጨመረና ስትቆሙ ከወረደ አየሩ ራዲያተሩን እያገኘ አይደለም፣ ወይም ራዲያተሩ ከውስጥ ተደፍኗል። ድንገት 10 ዲግሪ ዘሎ ከተመለሰ አየር አለ። ሁሉ ነገር ተስተካክሎም በጭነት ቀስ እያለ ከጨመረ ማፕ (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም) የሠራላችሁን ሰው የቱርቦውን ግፊት እንዲቀንስ ጠይቁት። ባሕር ጠረፍ ላይ የተሠራ ማፕ እዚህ ቱርቦውን ከአቅሙ በላይ ያዞረዋል፤ ሞተሩ እንዳይመታ እሳቱ ሲዘገይ ደግሞ ጭስ ማውጫው ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ውኃው ይመለሳል።

7. መንገድ ላይ ቢጨምር

እግራችሁን አንሡና ወደ ከፍተኛ ማርሽ ቀይሩ፤ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ውኃው ካለ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ፋኑና ፓምፑ ሥራቸውን ይሥሩ። ውኃው ከፈሰሰ ግን አሁኑኑ አጥፉ፤ እንፋሎት ውስጥ የቀረ ሴንሰር ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ክዳኑን ቢያንስ ለ45 ደቂቃ አትንኩ። እዚህ ከፍታ ላይ ክዳኑ ሲከፈት መፍያው ወደ 92 ስለሚወርድ፣ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ የ100 ዲግሪ ውኃ ባንዴ ገንፍሎ ፊት ላይ ይወጣል። ስትከፍቱም ወፍራም ጨርቅ ደርባችሁ፣ ሩብ ዙር ብቻ፣ ፉጨቱ እስኪያቆም።