የስልክ መያዣውን የት ብናስር ኔትወርክና ጂፒኤስ በደንብ ይይዛል?

የሜትር ታክሲ አሽከርካሪ ነኝ። በአንድ የክረምት ማታ አምባሳደር ቲያትር አጠገብ አንዲት ተሳፋሪ እናት በዝናብ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ጠበቁኝ። እኔ የቆምኩት ከእርሳቸው ብዙም ሳልርቅ፣ በሕንፃው ሌላ ጎን ነበር። ካርታው ደርሰሃል ይለኛል፤ እርሳቸው ሲደውሉ ደግሞ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም ይላቸዋል። ተፈላልገን ከተገናኘን በኋላ ነጠላቸውን እየጨመቁ ገቡና “ልጄ፣ ምነው ስልክህን ዘጋህብኝ?” አሉኝ። ስልኬ አልተዘጋም ነበር። ከማርሹ ኋላ ባለው የኩባያ ማስቀመጫ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያን ማታ ኔትወርኩን ረገምኩ። ጥፋቱ የማስቀመጫው ቦታ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ መያዣ ስቀያይር፣ ስለካና ስሳሳት የተማርኩትን እዚህ አስፍሬዋለሁ። ለሜትር ታክሲ አሽከርካሪ ብቻ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ካርታ ለሚከፍትና ስልክ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይሠራል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

መኪና በላሜራ የተሸፈነ ሣጥን ነው። የሬዲዮ ሞገድ ላሜራውን ሰብሮ አይገባም፤ የሚገባው በመስታወቱ በኩል ነው። የሰው አካልም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሞገዱን ይመጥጣል። ስለዚህ ስልኩ ከመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ዝቅ ባለ ቁጥር ከፊት በሞተሩና በላሜራው፣ ከግራና ከቀኝ በእናንተና በተሳፋሪው እግር ይከለላል። የኩባያ ማስቀመጫው ለስልክ እጅግ መጥፎ ቦታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ያለንበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያነበው የጂፒኤስ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ፤ ምልክታቸው እኛ ዘንድ ሲደርስ ከቴሌኮም ማማ ከሚመጣው እጅግ የደከመ ነው። ስልኩ ሰማይን በመስታወቱ በኩል ማየት አለበት። የቤት ጣሪያ ሥር ሆኖ የሚሠራ ጥሪ መኪናው ወለል አጠገብ ባለ ጂፒኤስ ላይ ዋስትና አይሆንም።

መያዣውን መምረጥ

ሦስት ዓይነት በብዛት ይሸጣል፦ መስታወት ወይም ክሩስኮት ላይ የሚጣበቅ፣ አየር መውጫው ላይ የሚሰካ፣ እና ማግኔት ያለው። ማግኔት ያለው ምቹ ነው፤ ስልኩን ጠጋ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ማግኔቱ በራሱ የኔትወርክ ሞገድን አያግድም። ችግሩ አብሮት የሚመጣው፣ ስልኩ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ብረት ነው። ብረቱ አንቴናው ላይ ካረፈ ይከልለዋል፤ መሐል ላይ ካረፈ ደግሞ ያለ ገመድ መሙላትን ያውካል፣ ይግላልም። ማግኔቱ የካርታውን አቅጣጫ ጠቋሚ ያሳስተዋል፤ ቆማችሁ ሳለ ቀስቱ ወደ ኋላ ዞሮ የምታዩት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ማግኔቱ ከፋብሪካ የገባባቸው ስልኮች አሉ፤ ለእነርሱ ተጨማሪ ብረት አያስፈልግም። ለሌላው ሰው ግን የእኔ ምክር በጎን ጨብጦ የሚይዝ የፕላስቲክ መያዣ ነው። ብረታ ብረት የበዛበት፣ ከባድና አብረቅራቂ መያዣ ጥራት ያለው መስሎ ይታያል፤ ለአንቴና ግን ቀላሉ ፕላስቲክ ይበልጣል።

የጨበጣው ቦታ ወሳኝ ነው። የዛሬ ስልኮች አንቴናቸው ዙሪያቸውን በከበበው ጠርዝ ላይ ነው፤ የብረት ጠርዝ ካላቸው ቀጫጭን የፕላስቲክ መስመሮች ታያላችሁ። እነዚያ መስመሮች አንቴናው የተከፋፈለባቸው ቦታዎች ናቸው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አይፎን 4 ላይ በግራ በኩል ወደ ታች ያለው መስመር በእጅ ሲሸፈን ኔትወርኩ ይወርድ ስለነበር ኩባንያው ለገዢዎች መከላከያ ሽፋን በነፃ እስከ ማደል ደርሷል። በብዙ ስልኮች ላይ የጥሪው ዋና አንቴና ከታች፣ የጂፒኤሱ ደግሞ ከላይ ነው። ስለዚህ የመያዣው ክንዶች የስልኩን ወገብ ይያዙ እንጂ መስመሮቹን አይሸፍኑ፤ የላይኛው ጫፍም ወደ መስታወቱ ነፃ ሆኖ ይታይ። ብረት ያለበት የስልክ ሽፋን ካላችሁ አውልቁት።

መለካት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔም ዘልዬው ሁለት መያዣ አበላሽቻለሁ። ስክሪኑ ላይ ያሉት የኔትወርክ መስመሮች አይበቁም። አንዱ ስልክ አራት መስመር በሚያሳይበት ቦታ ሌላው ሁለት ሊያሳይ ይችላል፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ይከፋፍላቸዋልና። የሚታመነው በዲቢኤም (dBm፣ የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) የሚነበበው ቁጥር ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ቅንብሮች ውስጥ ገብታችሁ “ስለ ስልኩ” የሚለውን፣ ከዚያ የሲም ካርዱን ሁኔታ ስትከፍቱ የሲግናል ጥንካሬ ተጽፎ ታገኛላችሁ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ መደወል ነው።

ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። በ4ጂ ላይ ከሆናችሁ -80 እና አካባቢው ጥሩ ነው፣ -100 ደካማ ነው፣ ከ-115 በታች ስልኩ በጭንቅ ነው የሚሠራው። የ3 ቁጥር ልዩነት ኃይሉን በእጥፍ፣ የ10 ልዩነት በአሥር እጥፍ ይለውጠዋል። ስለዚህ ትንሽ የምትመስል ልዩነት ትንሽ አይደለችም። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ የ3ጂ ቁጥር ከ4ጂ ቁጥር ጋር አይነጻጸርም፤ አለካካቸው የተለያየ ነው። በልኬት መሐል ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ከወረደ ያንን ንባብ ጣሉት።

አሁን የእኔን ስህተት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስለካ ስልኩን በእጄ ይዤ ክሩስኮቱ ላይ ከወዲያ ወዲህ አንቀሳቀስኩና ምርጥ ቁጥር ያየሁባት ነጥብ ላይ መያዣውን በጠንካራ ማጣበቂያ ለጠፍኩ። በማግሥቱ ሜክሲኮ አካባቢ ስደርስ ጥሪው እንደ በፊቱ ይቆራረጣል። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ቆይቶ ነው። በ1800 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ሞገድ ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ከላሜራው እየተላተመ ሲመለስ ሞገዶቹ የሚደጋገፉበትና የሚጠፋፉበት ቦታ ይፈጥራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ጣት ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወይም ማማው ሲለወጥ እነዚያ ቦታዎችም ይለወጣሉ። እኔ ያገኘኋት ምርጥ ነጥብ ለዚያች ደቂቃና ለዚያች ማቆሚያ ብቻ ምርጥ ነበረች። በዚያ ላይ ስልኩን የያዘው እጄ ራሱ ንባቡን ያዛባው ነበር።

ስለዚህ መፈለግ ያለበት ሰፋ ያለ ቦታ ነው፤ አንዲት ነጥብ አይደለችም። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መኪናውን በሕጋዊ ቦታ አቆማለሁ፣ በሮቹን እዘጋለሁ፣ መቀመጫዬ ላይ እቀመጣለሁ። ስልኩን በእጄ አልይዝም፤ በማስታወሻ ደብተር ወይም በስፖንጅ አስደግፌ አስቀምጠውና እጄን አነሳለሁ። ቁጥሩ እስኪረጋጋ ግማሽ ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ እጽፋለሁ። ከዚያ ሁለት ሦስት ጣት አራርቄ እንደገና እለካለሁ። በአንድ አካባቢ አራት ወይም አምስት ንባብ ወስጄ መካከለኛውን እይዛለሁ። ይህን ለኩባያ ማስቀመጫው፣ ለክሩስኮቱ መሐል፣ ለፊት መስታወቱ የታችኛው ክፍል እና ለአየር መውጫው አደርጋለሁ።

በአንድ ቦታ ላይ መለካት አይበቃም። ማማው ከፊታችሁ ከሆነ የፊት መስታወቱ ያሸንፋል፤ ከኋላችሁ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል። መኪናዬን አንድ ጊዜ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ ሌላ ጊዜ ካዛንቺስ፣ ሦስተኛ ፊቷን አዙሬ ለክቻለሁ። በሦስቱም የኩባያ ማስቀመጫው መጨረሻ ወጣ። ብሔራዊ አካባቢ የኩባያ ማስቀመጫው -108፣ የአየር መውጫው -101፣ ክሩስኮቱ -98፣ የመስታወቱ ግርጌ -96 ነበር። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት 12 ነው፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ኃይል ማለት ነው። እነዚያን እናት ለሃያ ደቂቃ በዝናብ ያቆማቸው ይህ ልዩነት ነበር።

ቪትዝንና አሮጌ ኮሮላን በመሰሉ መኪኖች የፊት መስታወቱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ መስታወት ነው። ሙቀት እንዲመልስ በስስ ብረት የተቀባ መስታወት ያላቸው መኪኖች ግን አሉ፤ በእነርሱ ላይ መስታወቱ ራሱ ሞገዱን ይከለክላል። እንደዚህ ዓይነት ከሆነ በውስጥ መመልከቻው መስተዋት አካባቢ ቅባቱ ያልደረሰበት ትንሽ መስኮት ሊኖር ይችላል። የመስታወት ማጥቆሪያ ላስቲክም ብረት ያለበትና የሌለበት አለ። ላስቲክ ካስለጠፋችሁ በኋላ ኔትወርክ ከወረደ ከዚያ ጀምራችሁ መርምሩ።

ማጣበቅ

ቦታው ከታወቀ በኋላ እይታን አስቡ። መሪው በግራ ነው፤ የግራው ምሰሶ አስቀድሞም እግረኛ ይደብቃል፣ በከተማችን ደግሞ እግረኛ ከየትም ይገባል። እዚያ ጥግ ላይ ስልክ አትጨምሩበት። እኔ ከመሪው በስተቀኝ፣ ከመስታወቱ ግርጌ፣ የስልኩ ጫፍ ከክሩስኮቱ ብዙ ሳይወጣ አስሬዋለሁ። የአየር ከረጢት ምልክት ያለበት ሽፋን ላይ ምንም አትለጥፉ፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ መያዣው ፊት ላይ ይወረወራል።

መምጠጫ ጎማ ያለው መያዣ የሚቆመው በአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻ ከተማ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በካርቶኑ ላይ ይህን ያህል ኪሎ ይይዛል የሚለው እዚህ በአንድ አራተኛ ይቀንሳል ማለት ነው። ሰፊ ጎማ ያለውን ግዙ። መስታወቱን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ፀሐይ ሳያግለው ጠዋት ለጥፉት።

ይህን ሳላውቅ ትንሽ ጎማ ያለው ርካሽ መያዣ ገዛሁ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ስወርድ ተላቀቀና ስልኩ ፍሬን መርገጫው ሥር ገባ። እግሬ ፔዳሉን ሲጫን ስልኩ ያግደው ነበር። በእጅ ፍሬን ነው የዳንኩት፤ ከፊቴ ተማሪዎች እየተሻገሩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ መያዣውን ጎትቼ እፈትሻለሁ፣ ስልኩን ከመያዣው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ማሰሪያም አለው። እባካችሁ ይህን አትለፉት።

ሙቀትና ቻርጀር

ስልክ ሲግል ራሱን ለማዳን ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ መሙላት ያቆማል፤ አይፎን የኔትወርክ ክፍሉንም ያዳክማል። በበጋ ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ስትሄዱ ስልኩን ይዛችሁ ውረዱ። የአየር መውጫ ላይ የምታስሩ ሰዎች፣ በክረምት የመስታወቱን ጉም ለማጥፋት ሙቅ አየር ስትከፍቱ ያንን መውጫ ዝጉት፤ አለበለዚያ ስልኩን እየጠበሳችሁት ነው።

ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ርካሽ ቻርጀር የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል፣ ደካማውን የጂፒኤስ ምልክትም ሊያውክ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ደከም ብሎ የሚገባ ጣቢያ ላይ አድርጉና ቻርጀሩን ሰክታችሁ ንቀሉት። ስትሰኩት ሹክሹክታ ከተጨመረ ሌላ ቻርጀር ፈልጉ።

መያዣ የማይፈታው ችግር

ሰንጋ ተራ የባንኮቹ ሕንፃዎች መካከል ስትገቡ ካርታው ወደ ጎረቤት መንገድ ቢዘልባችሁ የመያዣውን ቦታ አትቀይሩ። የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻ ከ200 ሜትር በላይ ነው፤ የሳተላይቱ ምልክት ከመስታወት ግድግዳዎቹ ተላትሞ ዘግይቶ ስለሚደርስ ስልኩ ርቀቱን ይሳሳታል። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ስትነዱም የሰማዩ ግማሽ ይከለላል። መስቀል አደባባይ ከመሬት በታች ካለው ማቆሚያ ስትወጡ ደግሞ ጉዞውን ውስጥ ሆናችሁ አትጀምሩ፤ ውጪ ወጥታችሁ ካርታው እስኪያገኛችሁ ጠብቁ። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ተሳፋሪ ስቀበል ከነጥቡ ይልቅ ደውዬ የሕንፃውን በር እጠይቃለሁ።

ስልኩ ጀርባ የሚለጠፍ ወርቃማ “የኔትወርክ ማጉያ” ወረቀት አትግዙ። ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ ምንም አያጎላም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማጉያ እውነተኛ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ ሲተከል የሌላውን ሰው ኔትወርክ ሊያውክ ስለሚችል በራሳችሁ አታስገቡት።

ስልክ ስትቀይሩ አንቴናው ሌላ ቦታ ነውና የክንዶቹን አያያዝ አስተካክላችሁ እንደገና ለኩ። የእኔ ቁጥሮች በእርሳስ ተጽፈው ከፀሐይ መከላከያው ሥር አሉ፤ አዲስ ስልክ በገዛሁ ቀን ከሥራቸው አዲስ መስመር እጨምራለሁ።