ለእንጦጦና ለሱሉልታ ጉዞ የጋዝ ምድጃ ስትገዙ

በመኪና እስከሄዳችሁ ድረስ ክብደቱ አያሳስባችሁ፤ እዚያ ላይ የሚያስቸግረው ንፋሱ ነው። ሲሊንደሩ አናት ላይ ከሚጠመደው ይልቅ በጎማ ቱቦ የሚገናኝ፣ እግሩ ሰፋና ዝቅ ያለ ምድጃ ምረጡ። ድስቱ አይወላገድም፤ ሲሊንደሩን ራቅ አድርጋችሁ ምድጃውን ብቻ በቆርቆሮ መከለልም ትችላላችሁ። አናት ላይ የሚጠመደውን ዙሪያውን ከከለላችሁት ግን ሲሊንደሩ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

በትንንሽ ጣሳ የሚሸጠው ጋዝ ንጹህ ቡቴን ከሆነ በብርድ መትነኑ ስለሚቀንስ ማለዳ ላይ ይለግማል፤ በብርድም በደንብ የሚተነው ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ውሰዱ። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስር ይዘገያል፣ ጋዝ ጨመር አድርጋችሁ ያዙ (ወይ ምስሩን ቤት ቀቅሉት)። ከመለኮሳችሁ በፊት የጎማውን መጋጠሚያ የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ ከነፋ ያፈሳል። ዝናብ ቢመጣም መኪና ውስጥ አትለኩሱ።